ከሰባት ቤት በላይ

በአርሲ ደጋ የተቆፈረ አንድ የቤት መሠረት፣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እና «ከእኛ በፊት እዚህ ማን ነበር?» የሚል ጥያቄ

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ልጄን ይዤ ሁሩታ ነበርኩ። ስንዴውና ገብሱ ታጭዶ ማሳው ላይ ገለባ ብቻ የሚቀርበት፣ የጠዋቱ ብርድ አጥንት የሚሰብርበት ወቅት ነው። ታላቅ ወንድሜ በአያታችን ግቢ ያለውን አሮጌ የጭቃ ቤት አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ ወስኖ ስለነበር፣ በዓሉ እንዳለፈ መሠረት የሚቆፍሩ አራት የቀን ሠራተኞች መጡ። ለሰባት ዓመት ልጅ ከጉድጓድ የተሻለ መጫወቻ የለምና ልጄ ከማለዳ ጀምሮ ከአፈሩ ክምር ላይ አልወርድ አለ።

ረፋዱ ላይ ሁለት እጁን ሞልቶ እየሮጠ መጣ። በአንደኛው እጁ አራት አምስት ገል፣ በሌላው ደግሞ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሳለ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ ይዟል።

«እማዬ፣ የጠርሙስ ስባሪ ነው?»

እኔ ሳልመልስ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት አያቴ ቀደሙኝ። በቤታችን «አኮ» ነው የምንላቸው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ሰማንያን ተሻግረዋል። «ጠርሙስ አይደለም የኔ ልጅ፣ ባልጩት ነው። እኛ ልጅ ሆነን ከብት ይዘን ወደ ቆላው ስንወርድ እናገኘው ነበር። ጠፍር እንቆርጥበታለን፤ እሾህም እናወጣበታለን» አሉት።

«እዚህ ግቢ ውስጥ ማን አስቀመጠው?»

አኮ እየሳቁ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የቅድመ አያታቸውን ስም እየጠሩ ሰባት ላይ ደረሱ። «ከእነዚህ አንዱ ይሆናላ! ከዚያ በላይ ያለውን እኔም አልሰማሁ» ብለው ጣታቸውን አጠፉ።

ልጄ ግን አልረካም። «ከዚያ በላይስ ማን ነበር?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። የቢዝነስ ዲግሪ አለኝ፤ ሥራዬም ማርኬቲንግ ነው። ደንበኛ ምን እንደሚፈልግ ስጠና ነው የኖርኩት። ለዚህ ደንበኛ ግን መልስ አልነበረኝም። ሰባት ቤት መቁጠር በአማራውም በኦሮሞውም ዘንድ የከበረ እውቀት ነው። ለጋብቻ ሲታሰብ ዘመድ ከባዳ የሚለየው በእርሱ ነው። ግን አንድ ትውልድ 25 ዓመት ነው ብለን ብናሰላ፣ ሰባት ቤት 175 ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ዘመን ለማወቅ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከሚጽፉት ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። ከሁሩታ ስመለስ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ያገኘሁት ነገር ለአንድ ሕፃን ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚጠቅም ስለመሰለኝ እነሆ።

ቆሻሻ አይዋሽም

በእኔ ሙያ አንድ የታወቀ ችግር አለ። ሰው በመጠይቅ ላይ የሚሞላውና ቤቱ ውስጥ የሚጠቀመው አይገጥምም። «ምን ትበላላችሁ?» ሲባል አትክልትና ፍራፍሬ የሚል ሰው፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ቢገለበጥ የሚናገረው ሌላ ነው። የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች ሥራ ከዚህ ይመሳሰላል። በአመዛኙ የሚያነቡት የጥንት ሰዎችን ቆሻሻ ነው፦ የተበላ ሥጋ አጥንት፣ የምድጃ አመድ፣ ከድንጋይ መሣሪያ የተረፈ ፍቅፋቂ፣ የተሰበረ ሸክላ። የጣለው ሰው አንድ ቀን ይታይብኛል ብሎ ስላላሰበ ቆሻሻው አይዋሽም።

ዕድሜውን እንዴት ያውቁታል? ሁለት መንገዶችን ብቻ ልጥቀስ። የመጀመሪያው በከሰልና በአጥንት ውስጥ ያለውን የካርቦን ዓይነት መለካት ነው። እንስሳው ወይም ዛፉ ከሞተ በኋላ ካርቦን 14 የሚባለው በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። የቀረውን መጠን በመለካት እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል። ከዚያ በላይ ለሆነው ዘመን ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድ ይረዳል። ተራራ ፈንድቶ ያፈሰሰው አመድ መሬቱን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። በአመዱ ውስጥ ባሉ ማዕድናት የሚጠራቀመውን የአርጎን ጋዝ መጠን በመለካት አመዱ መቼ እንደወረደ ይታወቃል። ከአመዱ ሥር የተገኘ ነገር ሁሉ ከአመዱ ይበልጣል፤ ከላይ የተገኘው ደግሞ ያንሳል።

ስምጥ ሸለቆን ተደግፈን ለምንኖር ለእኛ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የኢትዮጵያ ምድር በእሳተ ገሞራ አመድ የተጻፈ የቀን መቁጠሪያ አለው ማለት ይቻላል።

በበረዶው ጥግ የኖሩት ጎረቤቶቻችን

ከአርሲ ወደ ደቡብ ስንሻገር የባሌ ተራሮች አሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩት እነዚህ ተራሮች በቀይ ቀበሮና በሳነቴ አምባ ይታወቃሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. ግን በሌላ ነገር የዓለምን ትኩረት ሳቡ። በጀርመን ከሚገኘው የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጎትዝ ኦሰንዶርፍ ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ፊንጫ ሐበራ በተባለ የዋሻ ከለላ ውስጥ ያገኙትን ይፋ አደረጉ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በዋሻው ወለል ላይ ምድጃ፣ የድንጋይ መሣሪያና የእንስሳት አጥንት ተገኝቷል። ሰዎች እዚያ የኖሩት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

በ25 ዓመት ስናካፍለው 47,000 ዓመት 1,880 ትውልድ ይሆናል። አኮ በጣታቸው ከቆጠሩት ሰባት ቤት 268 ጊዜ በላይ ማለት ነው።

ግኝቱን ልዩ ያደረገው ከፍታው ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ተመራማሪዎች ጥንታዊ ሰዎች አየሩ በሳሳበት፣ ምግብ በማይገኝበት ደጋ ለመኖር የደፈሩት ዘግይተው ነው ብለው ያስቡ ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ የባሌ ተራሮች አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። ታዲያ ሰዎቹ ምን ፈልገው ወጡ? መልሱ የቤት ወጪ ለሚቆጥር ሁሉ የሚገባ ነው። ቆላው በድርቅ በተመታበት ጊዜ ደጋው ከበረዶው የሚቀልጥ ውኃ ነበረው። ምግብም ነበር፤ የባሌ ግዙፍ ፍልፈል። በዋሻው ውስጥ ከተገኘው አጥንት አብዛኛው የዚህ እንስሳ ሲሆን የመጠበስ ምልክት አለው። ፍልፈሉ በብዛት ይገኛል፣ ለመያዝ አይከብድም፣ ሥጋውም ለአንድ ሰው ይበቃል። ሦስተኛው ነገር ባልጩት ነው። ከዋሻው በላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባልጩት የሚወጣበት ቦታ አለ። ሰዎቹ እዚያ ድረስ ወጥተው ድንጋዩን አምጥተው ቢላና መፋቂያ ሠርተውበታል።

ይህን ሳነብ ልጄ ያመጣው ጥቁር ድንጋይ ትዝ አለኝ። ባልጩት ከየትኛው ተራራ እንደመጣ በላቦራቶሪ መለየት ይቻላል፤ እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ የሚያፈሰው ባልጩት የራሱ ኬሚካዊ ቅንብር አለውና። አንድ ስባሪ ድንጋይ ሰው ምን ያህል እንደተጓዘና ከማን ጋር እንደተገበያየ ሊናገር ይችላል።

ከዝዋይ ማዶና ከሻላ ሥር

ከአርሲ ደጋ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲታይ የዝዋይ ሐይቅ ነው። ከሐይቁ በስተምዕራብ ጋደሞታ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ከባልጩት የተሠሩ ሹል ድንጋዮች በብዛት ተገኝተዋል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮናታን ሳህሌ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከእነዚህ ጥቂቶቹ በእንጨት ጫፍ ላይ ታስረው እንደ ጦር የተወረወሩ መሆናቸውን አሳዩ። ማስረጃቸው በድንጋዮቹ ጫፍ ላይ ያለው የስንጥቅ ዓይነት ነው፤ ባልጩት በፍጥነት ተወርውሮ ሲመታ የሚተወው ምልክት በእጅ ሲገፋ ከሚተወው ይለያል። ዕድሜያቸው ከ279,000 ዓመት በላይ ነው። በድንጋይ ጫፍ ለተሠራ ተወርዋሪ ጦር በዓለም ላይ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ከዝዋይ ማዶ ነው ማለት ነው።

ትንሽ ወደ ደቡብ ስንወርድ የሻላ ሐይቅ አለ። ሻላ ሐይቅ ከመሆኑ በፊት ግዙፍ እሳተ ገሞራ ነበር፤ ፈንድቶ ሲደረመስ የቀረው ጉድጓድ ነው ዛሬ ውኃ የሞላው። የሻላ ፍንዳታ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ በኦሞ ሸለቆ ያለ አንድ ትልቅ ጥያቄ እንዲፈታ ረድቷል። በኦሞ ኪቢሽ በ1967 እ.ኤ.አ. የተገኘው፣ የእኛው ዘር የሆነው ጥንታዊ ሰው ቅሪተ አካል ዕድሜ ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዋ ሴሊን ቪዳል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራትና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ከቅሪተ አካሉ በላይ ያለው አመድ ከሻላ ፍንዳታ የመጣ መሆኑን በኬሚካዊ ቅንብሩ ለዩት። የሰውየው ዕድሜ ቢያንስ 230,000 ዓመት እንደሆነም አረጋገጡ። በበጋ ፍላሚንጎ ለማየት በምንሄድበት አካባቢ ያለ እሳተ ገሞራ፣ የሰው ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ማኅተም መታ ብንል ማጋነን አይሆንም።

የልጆች ዱካ

ለልጄ ስነግረው ከሁሉ በላይ ዓይኑ የበራው ግን በዚህኛው ነው።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በቡታጅራ መንገድ በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ። ቦታውን በ1963 እ.ኤ.አ. ያየው ጌራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን፣ በኋላም በጣሊያናውያን ተመራማሪዎች መሪነት ለአሥርት ዓመታት ሲጠና ቆይቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. ከባልጩት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። አዎ፣ ባልጩት የቦታም ስም ነው፤ ስሙን ያገኘው ከድንጋዩ ነው።

በመልካ ቁንጡሬ ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ 700,000 ዓመት ዕድሜ ያለው አመድ ሥር የእግር ዱካዎች ተገኙ። ጥናቱ የታተመው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። በአንዲት ትንሽ ኩሬ ዳር የረጋው ጭቃ ላይ የጉማሬና የሌሎች እንስሳት ኮቴ አለ፤ ከእነርሱ ጋር የሰው ዱካ አለ። የአዋቂ ብቻ አይደለም። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሚገመቱ፣ ገና መራመድ የለመዱ ሕፃናት ዱካም አለበት። በዚያው ስፍራ አዋቂዎቹ ጉማሬ ይበልቱ፣ የድንጋይ መሣሪያም ይሠሩ ነበር። ትልልቆቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ትንንሾቹ ከሥራቸው ጭቃ ያቦካሉ። እነዚያ ሰዎች መልካቸው ከእኛ ይለያል፤ የእኛ ዘር ገና አልመጣም። ትዕይንቱ ግን ከሁሩታው ግቢ ምን ይለያል?

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ ከአሜሪካም አለ። በኒው ሜክሲኮ ዋይት ሳንድስ በተባለው ስፍራ ከ10,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ 1.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የእግር ዱካ በ2020 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል። አንዲት ሴት፣ ወይም በጉርምስና ዕድሜ ያለ ወጣት፣ ሕፃን አቅፎ በጭቃው ላይ እየፈጠነ ሄዷል። አልፎ አልፎ የሕፃኑ ትንሽ ዱካ ብቅ ይላል፤ አቅፎ መሄድ የደከመው ሰው ሕፃኑን መሬት አውርዶ ነበር። ሲመለስ ግን የሕፃኑ ዱካ የለም። የሆነ ቦታ አድርሶት ተመልሷል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ ወላጅ ሁሉ ይህን መንገድ ያውቀዋል።

እናቶችስ የት ነበሩ?

በልጅነታችን ያየነው ሥዕል ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ወንዱ ጦር ይዞ ያድናል፣ ድንጋይ ይጠርባል፤ ሴቷ ዋሻ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። የቅርብ ጊዜ ጥናት ይህን ሥዕል እያስተካከለው ነው፤ ከማስተካከያው አንዱ ደግሞ ከእኛው አገር ከኮንሶ የመጣ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ካትሪን አርተር በኮንሶ ቆዳ የሚያለፉ ሴቶችን አጥንተዋል። እነዚህ ሴቶች የቆዳ መፋቂያቸውን ራሳቸው ከድንጋይ እየፈለጡ ይሠራሉ፤ ሙያውንም ከእናቶቻቸውና ከቅርብ ዘመዶቻቸው ነው የሚማሩት። ጥሩ ድንጋይ ለይቶ ማምጣትና በትክክል መፍለጥ የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። «ድንጋይ የሚጠርበው ወንድ ብቻ ነው» የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ የኮንሶ እናቶች ሥራ ጥያቄ ውስጥ አስገባው።

በደቡብ አሜሪካ ፔሩ ውስጥ ደግሞ፣ ወደ 4,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ 9,000 ዓመት ዕድሜ ያለው መቃብር ተገኘ። ከአጽሙ ጋር ሙሉ የአደን ዕቃ ተቀብሯል። ጥርሱ ሲመረመር ሟቿ ከ17 እስከ 19 ዓመት የምትገመት ልጃገረድ ሆና ተገኘች። ጥናቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕላቸውን እንደገና ማየት እንዳለባቸው ግልጽ ሆነ።

ይህን ለአኮ በስልክ ስነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም። «ታዲያ ወንዱ ሜዳ ሲውል ቢላ ቢፈልጉ ማንን ሊጠብቁ ነው?» አሉኝ።

የደጋ ሳንባ

የአርሲ ልጅ ሆኖ ስለ ሩጫ ሳያነሳ የሚጨርስ የለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ። ምስጢሩ ምንድን ነው ሲባል ልፋቱ፣ አሠልጣኙ፣ አየሩ ይባላል። አየሩን በተመለከተ ከጋሞ ደጋ የተገኘ አንድ ሰው የሚነግረን አለ።

ይህ ሰው ሞታ በተባለ ዋሻ ተቀብሮ የኖረ ሲሆን ዕድሜው 4,500 ዓመት ነው። ያገኙት ጆንና ካትሪን አርተር ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር እየሠሩ ሳለ ነው። በጋሞ ቋንቋ «ባይራ» ብለው ሰየሙት፤ በኩር ማለት ነው። ስሙ ለሰውየው ተገቢ ሆነ፤ ከጆሮው አካባቢ ካለው ጠንካራ አጥንት በወጣው ዲኤንኤ አማካይነት፣ ሙሉ የዘረመል መረጃው የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ በ2015 እ.ኤ.አ. የሆነው እርሱ ነውና። በዘረመሉ ውስጥ ከተገኙት ነገሮች አንዱ፣ በዛሬዎቹ የኢትዮጵያ ደገኞች ላይ የሚታየው ከፍታን የመቋቋም ባሕርይ ነው። ከ180 ትውልድ በፊት የነበሩ ደገኞች አካል ሳሳ ያለውን አየር ለምዶት ነበር።

ከጋሞ ብዙም ሳይርቅ በጌዴኦ የቆሙት ትክል ድንጋዮችም ዕድሜያቸው ተከልሷል። በሳካሮ ሶዶ የተደረገው ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ቀደም ሲል ከታሰበው በአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት አካባቢ የቆሙ እንዳሉ አሳየ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከባሌ ተራሮች ጋር በአንድ ዓመት ነው የዓለም ቅርስ የሆነው።

ጉድጓዱ ምን ሆነ?

አሁን ወደ ሁሩታ ልመለስ። ልጄ ገሉንና ባልጩቱን ባመጣ ዕለት በግቢው ውስጥ ክርክር ተነስቶ ነበር። እኔ «ቁፋሮው ይቁምና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንደውል» አልኩ። ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አንቺ የከተማ ሰው ሆነሻል። ሰዎቹ የቀን አበል ይቆጠርላቸዋል። ደግሞ መንግሥት መጥቶ ቅርስ ነው ብሎ ቦታውን ቢወስደውስ? አኮን የት ላስገባቸው ነው?»

«ወንድም ጋሼ፣ ስድስት ሰባት ገል አይተው ቦታ አይወስዱም» አልኩት፤ ግን እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ስጋቱ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በገጠርም በከተማም ስንት ሰው ነው የማያውቀውን ነገር ሲቆፍር አግኝቶ፣ ሳይታይ መልሶ የሚቀብረው ወይም ለመንገደኛ ነጋዴ የሚሸጠው? ቤት ሠሪ ከታሪክ በፊት ጣሪያ ነው የሚያስበው፤ አልፈርድበትም።

ጨረታውን የዘጉት አኮ ናቸው። «ሁለት ቀን ቢቆይ ቤቱ አይሸሽ፤ እኔም እስከዛሬ ያለ እርሱ ኖሬአለሁ» አሉ። የሠራተኞቹን የሁለት ቀን አበል እኔ ልከፍል ተስማማን።

በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ። ገሉን አገላብጦ አየና የቅርብ ዘመን የቤት ሸክላ እንደሚመስል፣ ምናልባትም የአኮ ቅድመ አያት የሰበሩት ጀበና ወይም ድስት ሊሆን እንደሚችል ነገረን። ባልጩቱን ግን ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ጠርዙ ላይ በተርታ የተፈለጡ ጥቃቅን ምልክቶችን አሳየን፤ በሰው እጅ የተሠራ መፋቂያ ይመስላል አለ። ከዚያ ጠየቀ፦ «ከምን ያህል ጥልቀት ነው የወጣው? ከገሉ ጋር ነበር ወይስ ከሥሩ?»

ሁላችንም ልጄን አየነው። እርሱም ወደ ጉድጓዱ ሄዶ «እዚህ ጋ» አለ፤ ከዚያ ደግሞ «አይደለም፣ እዚያ ጋ።» ግድግዳው በአካፋ ተንዶ አፈሩ ተደባልቋል። ባለሙያው አልተቆጣም። ፎቶ አነሳ፣ መዘገበ፣ ለልጄም አንድ ነገር ነገረው፦ «ድንጋዩ ግማሽ ታሪኩን ይዟል፤ ግማሹን የያዘው የተኛበት አፈር ነው። በሚቀጥለው ስታገኝ አታንሳው፤ ሰው ጥራ።»

የእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ባልጩቱ 500 ዓመት ይሁነው 50,000 ዓመት አሁን ማንም ሊነግረን አይችልም፤ ከቦታው ስለወጣ። የፊንጫ ሐበራ ምድጃ 47,000 ዓመቱን ሊናገር የቻለው አመዱ፣ አጥንቱና ድንጋዩ እንደተቀመጡ ስለተገኙ ነው።

ቁፋሮው በማግሥቱ ቀጠለ። ቦታው አልተወሰደም። ቤቱም ለክረምት ደርሷል።

እናንተም ብታገኙ

ቤት ስትሠሩ፣ ጉድጓድ ስታስቆፍሩ ወይም ስታርሱ ያልለመዳችሁት ነገር ብታዩ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ቅርሱን ሳይነካ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። በአቅራቢያችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገር ይቻላል፤ በአገር ደረጃ ጉዳዩ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። እስከዚያው ድረስ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከጎኑ እስክርቢቶ ወይም ማስመሪያ አስቀምጡ፤ መጠኑ ይታወቅበታል። ጥልቀቱን ለኩ። አታጥቡት፣ አትፋቁት፣ አታንሱት።

ልጆችን ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። በዚያው መስመር ወደፊት ብትቀጥሉ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናቸው። አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየምም ሉሲን አይተው ብቻ የሚወጡበት ቦታ አይደለም፤ የድንጋይ መሣሪያዎቹ ፊት ቆም በሉ፣ ልጆቹም «በዚህ ምን ይሠራበት ነበር?» ብለው ይገምቱ።

ከሁሉ የሚቀርበው ሙዚየም ግን አያት ቤት ነው። ወንድሜ አሮጌውን ቤት ሲያፈርስ የአኮን የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ ከፍርስራሹ ጋር ሊያስጭነው ነበር። አሁን በአዲሱ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ለፋሲካ ስንሄድ አኮ ልጄን አጠገባቸው አስቀምጠው ገብስ እንዴት እንደሚፈጭ አሳዩት፤ ጉልበት በየት እንደሚሰጥ፣ መጁ እንዴት እንደሚያዝ። አሥር ደቂቃ ያህል ገፍቶ አንድ እፍኝ ዱቄት አወጣና እጁን እያሻሸ ጠየቃቸው።

«አኮ፣ ለአንድ እንጀራ ስንት ጊዜ ይፈጫል?»

አኮ ሳቁ። እኔ ግን ማስታወሻዬን አውጥቼ መልሱን ጻፍኩ። የሚቀጥለው ሰው ሲጠይቅ ይህን የሚያውቅ ላይኖር ይችላል።